የእንግዶችሽ መዋኛዎችና የራይጄሊ ነገር

ይድረስ ለማከብርሽና ሁልጊዜ ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ ለቪሊማይና፤

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ባለፈው ስትደውዪ ደረጃ ስወጣ ይቆረጥመኛል ብለሽን እማዬ ቀኑን ሙሉ ስታዝን ዋለች። ያ የብሪዝበን ብርድ ነው እንጂ እዚህ ብትሆኚ በሞቀ የኮኮናት ዘይት አሽቼ በሳምንት ባስሮጥኩሽ ነበር። ባለቤትሽ ኢኖኬ ደህና ነው? ልጅሽ ጆሳያ መጽሐፍ ይገልጣል ወይስ አሁንም ሌት ተቀን ኳስ ነው? ሴኒሚሊ ምን ያህል ረዘመች? የምትንከባከቢያቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶችስ እንዴት ናቸው? ያቺ በየቀኑ ስምሽን እየረሳች «አንቺ ልጅ ከየት መጣሽ» የምትልሽ አሮጊት አለች?

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እማዬ አፏ ውስጥ ሦስት ጥርስ ቀርቷታል፤ ለመንደሩ ወሬ ግን ይበቃታል። የእኔን የጠየቅሽ እንደሆነ፣ አካሌ ደህና ነው። ሆዴ ግን ደህና አይደለም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር፤ አልፈጀው አለ። ስለዚህ ደብዳቤው ቢረዝምብሽ ታገሺኝ፣ ከአንቺ በቀር የምነግረው ሰው የለኝም።

መጀመሪያ ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አብረውሽ የሚሠሩ ሦስት ሴቶች በሚቀጥለው ወር ወደ መንደራችን ሊመጡ ነው፣ ጥሩ ጥሩውን የባሕር ዳር፣ በውሃ መነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ኮራልና ዓሣ የሚያዩበትንም ቦታ ጻፊልኝ ብለሽ ነበር። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብቤ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከዚህ ሁሉ ሰው መርጣ እኔን ጠየቀችኝ ብዬ ኮራሁ። በማግሥቱ ሴቶች ተሰብስበን ምንጣፍ ስንጎነጉን የወንድማችን ሚስት ራይጄሊ ከብብቷ ሌላ ደብዳቤ አውጥታ ጮክ ብላ ታነብ ጀመር። የአንቺ እጅ ጽሕፈት! ያው ጥያቄ! ለእኔ አንድ ገጽ፣ ለእሷ ሁለት! ለእሷ «ያ ሳቅሽ በጆሮዬ ውስጥ አለ» ብለሻታል። ለእኔ «የሞተሩን ዘይት መቀየር አትርሺ» ነው ያልሽኝ። በእሷው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ከሁለታችሁ እንግዶቼን ማን እንደምትመራ እናንተው ተስማሙ» ብለሽው አረፍሽ። እትዬ፣ የምጎነጉነው ቅጠል ጣቴን ቆረጠኝና ደሜን መጠጥኩት፤ ሴቶቹ ፊቴ የጠቆረው ከቅጠሉ መሰላቸው።

የወንድማችን ሚስት ክፉ ናት አልልሽም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ምን አስቸገረኝ! ሳኪያሲ ከትልቁ ደሴት ተራራ ሲያመጣት አንቺም ለሠርጉ መጥተሽ ነበር፤ የወንዝ ልጅ፣ ባሕሩን ቀምሳ «ይሄን ሁሉ ጨው ማን ጨመረበት?» ያለች ሴት። ባሕርን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የትኛው ኮራል እንደሚያቃጥል፣ የትኛው ነፋስ ውሃውን እንደሚያደፈርስ፣ ዓሣ ሲሸሽ ከምን እንደሚሸሽ፤ ሁሉንም እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት አስተማርኳት፣ አሁን እንግዶች ከመርከብ ሳይወርዱ «ራይጄሊ የት አለች?» ይላሉ። እማዬ እንኳ ዓሣው እሾህ አለው ብላ ከእኔ እጅ አልበላም ትላለች፣ ራይጄሊ ስታጎርሳት ግን እሾሁ ይጠፋል። ምቀኛ አታሳጣኝ ብላ ጸልያ ከሆነ እግዚአብሔር ሰምቷታል፤ ቤቷ አጠገብ አስቀምጦላታል።

ዳውቬዬ ስለሆነች ስሰድባትም ስትሰድበኝም ማንም አይቆጣንም። የወንድም ሚስትና የባል እህት ካልተሰዳደቡማ ማን ሊሰዳደብ ነው? እሷ እኔን «የደረቅሽ ኦክቶፐስ» ትለኛለች፣ እኔም ስለ ወገቧ ስፋት ያልተናገርኩት የለም፤ መንደሩ ይስቃል፣ እኛም እንስቃለን። የዚህ ሕግ ጥቅሙ ቂም አለመያዙ ነው ይባላል። እኔ ግን ቂሙን ከሳቁ ሥር ደብቄ ስይዝ ማንም አላየኝም።

እንግዲህ ቦታዎቹን ልጻፍልሽ፣ ቃሌን አላጥፍም።

ዋና ለማይችሉት ከቤተ ክርስቲያኑ በስተኋላ ያለው ረጅሙ አሸዋ ይሻላቸዋል። መቶ እርምጃ ቢገቡ እንኳ ውሃው ከወገብ አያልፍም። ጠዋት ሄደው ከቀትር በፊት ይመለሱ፤ ከቀትር በኋላ አሸዋው እግር ይጠብሳል። የላስቲክ ጫማ ያድርጉ፣ ድንጋይ መስሎ የሚተኛው ዓሣ እሾሁ መርዝ ነው። ራይጄሊ እዚህ ምን እንደምታደርግ ታውቂያለሽ? ውሃ የሚፈሩትን እጃቸውን ይዛ፣ በጀርባዋ ተንሳፍፋ ትዘምርላቸዋለች። ከዚያ ሰዎቹ ያለቅሳሉ። ደስ ብሏቸው! እኔ ሃያ ዓመት እንግዳ ስመራ አንድም ሰው አልቅሶልኝ አያውቅም። አንድ ሰውዬ ብቻ አልቅሷል፤ እሱም የባሕር ጃርት ረግጦ ነው።

የኤሊ ጓዳ ደግሞ ከትንሿ ደሴት ጀርባ ነው፣ ያ ሣራም ሣራም የሆነው። ማለዳ ባሕሩ ግማሽ ሲሞላ ኤሊዎቹ ለቁርስ ይመጣሉ። ጸጥ ብለው ይንሳፈፉ፣ አይንኳቸው፣ ከላያቸውም አይዋኙ፤ ኤሊ ልትተነፍስ ስትወጣ መንገድ የዘጋባትን ሰው አትረሳም ትል ነበር አያታችን። ከዚያ ተሻግሮ ያለው ጠባብ የባሕር ዳርቻ የሻርክ ልጆች የሚያድጉበት ነው። ክንድ አያክሉም፣ ሰው ሲያዩ እንደ ድመት ነው የሚሸሹት፤ ግን ከሴቶቹ መካከል ሻርክ ሲባል የምትጮህ ካለች ትቅር፣ ጩኸቱ ዓሣውን ሁሉ ያባርርብናል።

ቫቱሌካ የምንለውን የኮራል ጥግ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ከትልቁ አውሎ ነፋስ በኋላ በነበረው ዓመት ኦክቶፐስ ሳድን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሌላው ኮራል ተሰባብሮ ሳለ እዚያ ጥጉ ውስጥ ሐምራዊው፣ ቢጫው፣ ቀዩ ሁሉ ሳይነካ ቆሞ ነበር፤ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ የሚያክል ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ከነሰማያዊ ከንፈሩ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ውሃ ውስጥ እንደሆንኩ አለቀስኩ፣ መነጽሬ ሞላ። ለሽማግሌዎቹ ነግሬ፣ ዓሣም ዛጎልም እንዳይወሰድበት አስዘጋሁት። እስካሁን እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ አለቃው ፊት ተንበርክኮ ተወቅጦ የሚጠጣውን የያንጎና ሥር በስጦታ ሳያስረክብ አይገባበትም፤ የአንቺዎቹም እንዲሁ፣ ትከሻቸውን የሚሸፍን ልብስ ያምጡ። ታዲያ አምና ወጣቶቹ መርከብ ማረፊያው ላይ ሰሌዳ ተክለው ምን ብለው ጻፉበት መሰለሽ? «የራይጄሊ የአትክልት ቦታ»! እኔ ባገኘሁት! እኔ ባሳየኋት! እሷማ ደንግጣ በእኔ ስም «የኡናይሲ በሉት» ብላቸው ነበር አሉ። «የኡናይሲ ለአፍ አይመችም» አሏት። ሰሌዳው አሁንም አለ። እንግዶችሽ ያዩታል፣ ፎቶም ይነሡበታል።

አሁን በሩ ወደምንለው የኮራል ቀዳዳ ደረስኩ። እንግዶችሽ ማንታን፣ ያን ክንፋም ትልቅ ዓሣ፣ ማየት ከፈለጉ በሩ ነው፣ ሌላ ቦታ የለም። ኮራሉ በተሰነጠቀበት በዚያ አንድ ቀዳዳ ባሕሩ ሲሞላ ምግባቸው ከውጭ ይገባል፣ ማንታዎቹም የተዘረጋ ምንጣፍ መስለው ከኋላው ይገባሉ፤ ሰውም ከላያቸው ተንሳፍፎ ውሃው እያባበለ ወደ ጸጥተኛው ክፍል ያመጣዋል። ባሕሩ ሲጎድል ግን ያ ሁሉ ውሃ በዚያው በአንድ ቀዳዳ ነው የሚወጣው። አባታችን «ያ በር ሲያስገባ እንግዳ ተቀባይ ነው፣ ሲያስወጣ ግን ስንብት አያውቅም» ይል ነበር። ስለዚህ ባሕሩ ሲሞላ ብቻ ይሂዱ። ይህን ከጻፍኩልሽ ዘንዳ ያለፈውንም ልጻፍልሽ።

ሁለት ሳምንት አልፎታል፣ ማክሰኞ ቀን ነው። ሳኪያሲ ቤንዚን ሊገዛ ላውቶካ ከተማ ሄዷል። ከኒውዚላንድ የመጡ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም አስተማሪዎች፣ ከሰዓት በኋላ በመርከብ ሳይመለሱ ማንታ ማየት ፈለጉ፤ በእርግጥ ራይጄሊን ነው የለመኑት። እኛ ሴቶች ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ምንጣፋችንን ይዘን ተቀምጠናል። እኔ ፊቴን ወደ ባሕሩ አድርጌያለሁ። የመርከብ ማረፊያውን አሮጌ ምሰሶ ታስታውሺዋለሽ፤ ባሕሩ መጉደል ሲጀምር እርጥቡ መስመር ከውሃው በላይ ይገለጣል። ያን ሰዓት ሁለት ጣት ተገልጧል። አየሁት። ሌሎቹ ጀርባቸውን ሰጥተዋል፣ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ራይጄሊ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ፣ የእግር ክንፎቿን በእጇ አንጠልጥላ መጣች። ወደ በሩ ከመሄዷ በፊት ሰዓቱን እኔን ሳትጠይቅ ሄዳ አታውቅም። «አንቺ የደረቅሽ ኦክቶፐስ! በሩ ዛሬ እንዴት ነው? ልጆቹ መጥተዋል?» አለችኝ፤ ማንታዎቹን ልጆቹ ነው የምትላቸው።

እኔም «መጥተዋል እንጂ፣ ሂጂ ሂጂ! ባሕሩ ዞሯል፣ ጠራርጎ ቫኑዋቱ ያደርስሻል! እዚያ ወገብሽን አይቶ የሚሸሽ አይጠፋም፣ ወንድሜም ድስት የማትጨርስ ሚስት አግብቶ ያርፋል!» አልኳት።

ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። አሮጊቷ ቶሪካ እንባዋን ጠረገች። ራይጄሊም ሳቀችና «ምነው ቀናሽ እንዴ? ባልሽ ዓሣ ማጥመድ የሚያበዛው ዓሣ ወዶ መሰለሽ?» ብላ መለሰችልኝ። ሌላ ሳቅ። ከዚያ እንግዶቿን ይዛ ጀልባዋን አስነሥታ ሄደች።

ልብ በዪልኝ እትዬ። «ባሕሩ ዞሯል» ብያለሁ። ቃሉ ከአፌ ወጥቷል፣ ስምንት ሴት ሰምቶታል። ግን ዳውቬ ለዳውቬ የወረወረችውን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ቁም ነገር እንዴት እንደሚነገር ደግሞ አውቃለሁ። ምንጣፉን አስቀምጬ፣ ተነሥቼ፣ ቅጽል ስሙን ሁሉ ትቼ «ራይጄሊ» ብዬ በስሟ ጠርቻት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። የአንድ እርምጃ ርቀት ነበር። አልተነሣሁም። «ቀናሽ እንዴ» ያለችው ቃል ቁስሌ ላይ ነው ያረፈው፤ ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ጣልኩ። እውነቱን ነግሬያታለሁ፤ እንዳታምነኝ አድርጌ ነው የነገርኳት።

እንድትሞት አልፈለግኩም፣ አምላክ ምስክሬ ነው። እንድትዋረድ ነበር የፈለግኩት። ውሃው ትንሽ ጎትቷት፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ እንግዶቹ አኩርፈው እንድትመለስና ሰው «ምነው ኡናይሲን ብትሰሚ ኖሮ» እንዲላት። ባሕርን ግን ይህን ታህል ብቻ አድርግልኝ ብሎ ማዘዝ አይቻልም። ይህን ከሰው ሁሉ ይልቅ የማውቀው እኔ ነኝ።

አራት ቅጠል ያህል ጎነጎንኩ። ምሰሶው አራት ጣት ተገለጠ። ተነሣሁ። «ወዴት ነው?» ቢሉኝ «ሞተሬን ልይ» አልኳቸው፤ ያኔ እንኳ እውነቱን መናገር አፍሬ። ማንም አልጮኸም ነበር፣ ማንም ምንም አላየም። ጀልባዬን አስነሥቼ በሩ ስደርስ የእሷ ጀልባ ገመዷ ላይ ባዶዋን ትወዛወዛለች። ውሃው እንደ ወንዝ ነው የሚወጣው፣ ከውጭ የሚሰበረው ማዕበል እንደ ግድግዳ ቆሟል።

ከበሩ ውጭ ውሃው ወደ ደቡብ እንደሚታጠፍና ሁለቱን ጥቁር ድንጋዮች ካለፈ በኋላ የያዘውን እንደሚለቅ አባታችን አሳይቶናል። ስለዚህ ከኋላቸው አልተከተልኩም። ማዕበሉን በጎን ቆርጬ ቀድሜ እዚያ ሄድኩና ሞተሬን ዝቅ አድርጌ ጠበቅኩ። እየጠበቅኩ የጸለይኩትን ጸሎት አልጽፍልሽም። ጊዜው ይርዘም ይጠር አላውቅም።

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነው። መዝሙር! መነጽሯ ጠፍቷል፣ አንዱ የእግር ክንፏ የለም፣ ግንባሯ ኮራል ገምሶት ይደማል፤ በጀርባዋ ተንሳፍፋ ባልየውን በአንድ ብብቷ፣ ሚስትየዋን በሌላው ሸጉጣ፣ ጨው ውሃ እየተፋች ትዘምራለች። ሰዎቹም ቃሉን ሳያውቁት አብረዋት ያንጎራጉራሉ። ሞታለች ብዬ እንዲያ ስጸልይ ቆይቼ፣ በሕይወት ሳገኛት ልቤ መጀመሪያ ያለው «ተመስገን» መሰለሽ? አይደለም። «እኔ ብሆን አልዘምርም ነበር» ነው ያለው። እትዬ፣ እዚያ መሃል ባሕር ላይ፣ ክንዷን ይዤ ወደ ጀልባ እየጎተትኳት ቀናሁባት። ተመስገኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

መንደር ስንደርስ ሰው ሁሉ ባሕሩ ዳር ነበር። ቶሪካ «ነግራት ነበር እኮ! ባሕሩ ዞሯል ብላት ነበር፣ እኛ ሳቅን እንጂ!» እያለች ደረቷን ደቃች። አለቃው ራሱ እጄን ጨበጠኝ። እማዬ «ባሕሩ ለልጄ ይነግራታል» ብላ በኩራት ዞረች፤ ያን ቃል አርባ ዓመት ስጠብቀው ነበር፣ ሲመጣ ግን እንደ እሾህ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እሑድ በቤተ ክርስቲያን ለእኔ ምስጋና ተጸለየ። እንግዶቹም ሳይሄዱ በእንግዶች መዝገብ ላይ ስለ ራይጄሊ ሙሉ ገጽ ጻፉ። ስለ እኔ «ጀልባ የነዳችውም ሴትዮ ደግ ናት» ይላል። ስሜን እንኳ አልጠየቁም። ይህን ማስታወሴን ታዝበሽ ትስቂብኝ ይሆናል፤ ግን አስታውሰዋለሁ።

ራይጄሊ በሦስተኛው ቀን ዘመዶቿን አስከትላ መጣች። የሠርጓን ምንጣፍ፣ ያን ዳሩ በባለ ቀለም ክር የተሠራውን፣ ከያንጎና ሥር ጋር ፊቴ አኑራ ተንበርክካ አመሰገነችኝ። እንዲያ ባለ ጊዜ ቀልድ የለም፤ ቃሏ ሁሉ የክብር ነበር። እኔም የተለመደውን መልስ መለስኩ፣ አፌ ብቻውን ነው የተናገረው። ምንጣፉን እስካሁን አልዘረጋሁትም። እንደተጠቀለለ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ ባለፍኩ ቁጥር ያየኛል።

ከዚያ በኋላ አልቻልኩም። ሳኪያሲን እንዳልነግረው ወንድሜ ነው፤ ከወንድም ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ነውር እንደሆነ ታውቂያለሽ። አለቃው ዘንድ ያንጎና ይዤ ለይቅርታ ብቀርብ መንደሩ ሁሉ ይሰማል፣ የልጆቼም ስም ይነሣል፤ ፈራሁ። ስለዚህ እሷኑ ቧንቧው አጠገብ ድስት ስታጥብ አግኝቼ ነገርኳት። ሌሎች ሴቶችም ነበሩ፣ ልቤ እንደገና ሳይከዳኝ ልናገር ብዬ አልጠበቅኩም። «ባሕሩ መዞሩን አይቼ ነበር። እንዳታምኚኝ አድርጌ የነገርኩሽ አውቄ ነው። ቀንቼብሽ ነው» አልኳት።

ድስቱን እንደያዘች ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። ድስቱ ከእጇ እስኪወድቅ፣ ወገቧን ይዛ እስክትጎነበስ ሳቀች። «ስሙ! ስሙልኝ! ይህች የደረቀች ኦክቶፐስ ልታሰጥመኝ ነበር አሉ! ኋላ ግን ስትመዝነኝ ባሕሩ ሞልቶ መንደሩን እንዳያጥለቀልቅ ፈርታ አወጣችኝ!» ሴቶቹም ሳቁ። ወሬው በዚያው ቀን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደረሰ። ሕፃናቱ ሲያዩኝ አፍንጫቸውን ይዘው የሚሰጥሙ ይመስላሉ። ቄሱ እንኳ ከቅዳሴ ስንወጣ «ኡናይሲ፣ የዚህ ሳምንት ተረኛ ማን ነው?» ብለው ሳቁብኝ።

አንጀቴ አረረ። እንግዶቹን ወሰደች፣ ቫቱሌካን ወሰደች፣ የእናቴን ጉርሻ ወሰደች፤ አሁን ደግሞ ኃጢአቴን ወስዳ የራሷ ጨዋታ አደረገችው! ሰው ሊናዘዝ ሄዶ መሳቂያ ሆኖ ሲመለስ ምን ይባላል? ሳምንት ሙሉ አላናገርኳትም። እሷ ግን በሄድኩበት ሁሉ ያንኑ ቀልድ እየጨማመረች ታወራው ነበር።

ባለፈው ረቡዕ ማለዳ ከቤቴ ጓሮ ኮኮናት እፍቃለሁ። ራይጄሊ በፊት ለፊት ሳይሆን በማድ ቤቱ በኩል ብቻዋን መጣች። አልሳቀችም። የግንባሯ ቁስል ገና ቀይ ነው። መሬት ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ኡናይሲ» አለችኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ ስሜን ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። «ኡናይሲ፣ ዛሬ ባሕሩ እንዴት ነው?»

«በአንድ ሰዓት ውስጥ ይዞራል። ዛሬ ይቅርብሽ፣ ነገ ማለዳ ሂጂ» አልኳት።

«እሺ» አለችና ልትነሣ ስትል እጇን ያዝኳት። «ያን ቀን ቧንቧው ጋ የነገርኩሽ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሰምቼሻለሁ» አለችኝ። «እነቶሪካ ፊታቸው ሲለወጥ አይቼ ነው የሳቅኩት። ሰው አንዴ የሳቀበትን ነገር ሁለተኛ አይጠይቅም። የተናደድኩትን ያህል ተናድጃለሁ፣ ለብቻዬ። አሁን ልቀቂኝ፣ ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ ዞራ በፊት ለፊቱ መንገድ ወጣችና ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ «ኧረ የሰው ያለህ! ይህች ኦክቶፐስ ዛሬም ልትልከኝ ነው!» ብላ ጮኸች። መንደሩ ሳቀ። እኔ ኮኮናቴን መፋቄን ቀጠልኩ። እኔ ሳቅን ተጠቅሜ ወደ ሞት ሰደድኳት፤ እሷ በዚያው በሳቅ ስሜን ሸፈነችልኝ። በዚህም በለጠችኝ እትዬ። በሌላው ሁሉ ስትበልጠኝ እድል ነው እያልኩ እጽናና ነበር፤ በዚህ ግን የምጽናናበት የለኝም።

ስለዚህ እንግዶችሽን ራይጄሊ ትምራቸው። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ከሰዓት በኋላዬን ሙሉ ወስዶብኛል፣ አልሰርዘውም። ቅናቱ ለቆኝ አይደለም፤ አሁን ስጽፍልሽ እንኳ ከታች ከባሕሩ ዳር ድምፅዋ ሲሰማኝ እቀናለሁ። ነገር ግን ልትሄድ ስትል ወደ እኔ ትመጣለች፣ እኔም እውነቱን የምትቀበልበት አድርጌ እነግራታለሁ።

እማዬ ግንባርሽን ስማሻለች፣ የጉልበትሽን ነገር በየቀኑ ትጠይቃለች። ባለቤቴ አፒሳይ ሰላም ብሎሻል፤ ዓሣ ማጥመዱን ቀንሷል። ልጆቼ አክስታችን መቼ ትመጣለች ይላሉ። ሳኪያሲ በእማዬ በኩል ሰላምታውን ልኮልሻል፣ እኔም በእሷ በኩል ተቀብዬ ጽፌልሻለሁ። ለኢኖኬ አክብሮቴን አድርሺልኝ፣ ጆሳያን አንድ ጊዜ ጆሮውን ሳቢልኝ፣ ሴኒሚሊን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ለዚያች ስምሽን ለምትረሳው አሮጊትም ከሩቅ አገር ሰላም ያለችሽ አለች በያት። ራይጄሊ አሁን በመስኮት አንገቷን አስግጋ «ለማን ነው የምትጽፊው?» አለችኝ። ለእትዬ ነው አልኳት። «ምን ብለሽ?» አለች። አንቺን እያማሁ ነው አልኳት። «እንግዲያ ሁሉንም ጻፊላት፣ እህትሽ ናት» ብላኝ ሄደች። አልሳቀችም።

ታናሽ እህትሽ ኡናይሲ

ናቱሌ መንደር፣ ያሳዋ ደሴቶች፣ ፊጂ
ኦገስት 18 ቀን 2018